ውሃና ጨው ነው

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ በሕልሜም አላየሁትም። ማመን ያቃተው ይተወው፣ አልለምንም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የክፍሉን ወለል ግማሹን ሞልታዋለች።

እኔ ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የኋላው አይገባችሁም።

ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይወዳል። ትንሽ የደከመው ሁሉ «ሲስተርዬ፣ እባክሽ አንድ ግሉኮስ ስቀይልኝ» ይለኛል። ግሉኮስ ይበሉት እንጂ ብዙ ጊዜ የምንሰቅለው ሳላይን ነው፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀውን ሰው ነፍስ ይዘራበታል። ዓይኑ ጎድጉዶ የገባ ሰው የሳላይኑ ከረጢት ሳያልቅ ቀና ብሎ ሲቀልድ አይቻለሁ።

ግን መጠን አለው። ፍጥነት አለው።

ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ በጥድፊያ ከተለቀቀ ልቡ ገፍቶ አይጨርሰውም። ውሃው መሄጃ ያጣል። እግር ያሳብጣል። ከዚያ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰውየው አልጋው ላይ እንዳለ ይሰምጣል።

ደረቅ አልጋ ላይ... ይሰምጣል።

ለዚህ ነው ቱቦው ላይ በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ መዘውር ያለችው። ወደ ታች ስትገፋ ጠብታው ይዘገያል፣ ወደ ላይ ስትገፋ ይንዶለዶላል። የሰው ነፍስ እዚያች መዘውር ላይ ናት።

አሁን ስለ እትዬ ልንገራችሁ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጅ ሆኜ ሌሊት ስፈራ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ብርድ ልብሱን ትገልጥልኝና ከጎኗ እገባ ነበር። «ሚጢዬ» ነው የምትለኝ። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ከጊዜ በኋላ ልቧ ደከመ። ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። ጠርዛቸውን በቢጫ ክር ራሷ የጠለፈቻቸው ሦስት ትራሶች ነበሯት፤ እነሱን ደራርባ፣ ተደግፋ ነው የምታድረው። «እኔ እኮ ደመወዝ የሌለኝ ዘበኛ ነኝ፣ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ተቅማጥ አጣደፋት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን ደግፋ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ወሰደቻት።

የክሊኒኩን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ ቶሎቶሎ ይለዋል። አልጋው ጥቂት፣ ተሰላፊው ብዙ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ይሰቅልና መዘውሯን እስከ ጥግ ይከፍታታል። ከዚያ ጠብታው የሚወርድበትን ብልቃጥ በጥፍሩ ይመታል።

ጠቅ ጠቅ።

«ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ትሄዳለህ!» ይላል። ሰውም ይወደው ነበር፣ እጀ ፈጣን ነው እየተባለ።

ተጠርቼ ስደርስ እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስታስል ደም የነካው አረፋ ይወጣታል። እግሯ አብጦ የካልሲዋ ላስቲክ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ከረጢት እንደ ቧንቧ እየወረደ ነው።

እየጮህኩ ዘልዬ ዘጋሁት።

«ቀስ አድርግልኝ ብዬው ነበር...» አለችኝ። «ቀስ አድርግልኝ... ብዬው ነበር፣ ሚጢዬ።»

ቶሎቶሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ያስጮህሻል? ውሃና ጨው ነው! ውሃና ጨው ሰው ይገድላል እንዴ?»

እጄ ላይ ሞተች።

ከሰስኩት። ያላንኳኳሁት በር የለም። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ «ልቧ ነው።» ቶሎቶሎ በማግስቱ ክሊኒኩን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ አንጀቴ አርሮ ቤቴ ገባሁ። ክፍሏን እንደነበረ ቆለፍኩት። ይህ ሰውዬ የእጁን ሳያገኝ እነዚያን ትራሶች ከአልጋው ላይ አላነሳም ብዬ ማልኩ።

ዓመታት አለፉ። ትራሶቹም እዚያው ነበሩ።

ያን ቀን ነው እንግዲህ... ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሽበታም ሰውዬ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ገባ። ትውከት አድክሞታል። በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ውስጥ አስተኛነው። ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነበር። ያመጣው ልጁ መድኃኒት ሊገዛ ወጣ።

ዶክተሯ ልቡን አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሳላይን ስቀይለት፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ። ልቡ ደካማ ነው። እየተመላለስሽ እዪው።»

እሷ ስትወጣ ሰውየው የአልጋውን ብረት በጥፍሩ መታ።

ጠቅ ጠቅ።

ክው አልኩ።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ነው። ከስቷል፣ አርጅቷል፣ ግን ራሱ ነው። እሱ አላወቀኝም።

«ሲስተርዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ» አለኝ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው፣ ውስጡ ምንም አይታይም። ጨመቅ አደረግኩት፤ አያፈስም። የመጠቀሚያ ቀኑም አላለፈም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አስወጣሁ። ክንዱ ላይ ደም ሥሩ ውስጥ ከገባችው ቀጭን ቱቦ፣ ከካኑላዋ ጋር አገናኘሁት።

ከዚያ አውራ ጣቴ መዘውሯ ላይ አረፈች።

ደሜ ፈላ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ብገፋት በቃ። ማን ያውቃል? «ልቡ ነው» ይላሉ። ራሳቸው ያስተማሩኝ መልስ ነው!

ገፋኋት... ወደ ታች።

ስላዘንኩለት እንዳይመስላችሁ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እሱ ነው እውነቱ። ጠብታዋ ቀስ ብላ፣ እያረፈች መውረድ ጀመረች። እኔም በራሴ ተናድጄ ሌላ ታካሚ ልይ ወጣሁ።

ስመለስ መዘውሯ እስከ ጥግ ተከፍታለች።

ሳላይኑ እየተንዶለዶለ ነው።

«ነክተውታል?» አልኩት።

«እኔ? እኔ ልነካው?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ዝጊው! ዝጊው እንጂ፣ ልቤ አይችልም!»

ለካ ያውቃል። ሁሌም ያውቅ ነበር።

ዘጋሁና እንደገና በቀስታ ለቀቅኩት። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ያን ያህል ውሃ ወርዶ... ከረጢቱ ገና ሙሉ ነው።

ትራሱን ላስተካክልለት እጄን ሰደድኩ። እርጥብ ነበር። ላብ መሰለኝ። ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ከትራሱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሲስተር...» አለኝ በሹክሹክታ። «ያቺን ሴትዮ አስወጪልኝ።»

«የቷን ሴትዮ?»

በአገጩ ወደ ባዶው አልጋ ጠቆመ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ልክ ሰው የተቀመጠበት ያህል፣ አንሶላው ጎድጎድ ብሏል። ፀሐይዋ በደንብ ታሳየኛለች። ማንም የለም።

«ማንም የለም እኮ።»

«አለች። ታስላለች። አትሰሚያትም?»

«ምን ትላለች?»

«ሚጢዬን ጥራልኝ ትለኛለች... ማናት ሚጢዬ?»

 እንደገና ወደ ባዶው አልጋ ዞርኩ።

ጠቅ ጠቅ።

እሱ አልነበረም። ሁለቱም እጆቹ ብርድ ልብሱን ጨብጠዋል። ድምፁ የመጣው ከላይ፣ ከብልቃጡ ነው። ዓይኔ እያየ መዘውሯ በራሷ ወደ ላይ ተንሸራተተች።

ዘጋኋት። ተከፈተች።

ቱቦውን ከካኑላው ነቀልኩና በመቆንጠጫ ዘግቼ ከረጢቱ በተሰቀለበት ስታንድ ላይ ሰቀልኩት። አሁን እሱና ከረጢቱ የሚገናኙበት ምንም ነገር የለም።

ጠብታዋ ግን ብልቃጡ ውስጥ መውረዷን አላቆመችም።

እግሩን ገለጥኩ። ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቷል። የካልሲው ላስቲክ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ማሳል ጀመረ። የእትዬን ሳል መቼም አልረሳውም... ያው ሳል ነው። ቀና ሊል ፈለገ፣ ደግፌ አስቀመጥኩት።

«ቀስ አድርጊልኝ...» አለ። «በናትሽ፣ ቀስ አድርጊልኝ!»

ከዚያን ጊዜ በኋላ አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ውሃና ጨው እኮ ነው» አልኩት ጆሮው ሥር። «ምን ያስጮህሃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ገና ያን ጊዜ በደንብ አየኝ።

«እህቴን ገደልካት። እዚያ ክሊኒክህ ውስጥ። ቀስ አድርግልኝ እያለችህ። ታስታውሳታለህ?»

 ሊያስታውስ ሲሞክር አየሁት። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከልቡ ሲሞክር። እምላችኋለሁ፣ «ይቅር በይኝ» ቢል፣ ወይም ዋሽቶ «አዎ» ቢል፣ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

«የትኛዋን?» አለኝ።

የትኛዋን!

ቆሜ አየሁት። የኦክስጅን ጭንብሉን አፉ ላይ አደረግኩለት፣ ያን አልከለከልኩትም። ከዚያ ዶክተሯን ልጠራ ወጣሁ። ሳንባ ውስጥ የገባን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መርፌ አለ፤ እሷ ካዘዘች እወጋዋለሁ። ቶሎ ከተሰጠ ሰው ያድናል።

ቶሎ ከተሰጠ።

በሩጫ አልሄድኩም። ኮሪደሩን በእግሬ ሄድኩት። ቀስ ብዬ።

ከዶክተሯ ጋር ስንመለስ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። አረፋው በጭንብሉ ጎንና ጎን ወርዷል። አልጋው ሥር ኩሬ ተኝቷል፤ ዶክተሯ ጫማዋን አንስታ አየችው። ደረቱን ተጫነች፣ መርፌ ወጋን፣ ብዙ ደከምን። አልተመለሰም።

በመጨረሻ ላቧን ጠርጋ ወደ ስታንዱ ቀና አለች። ከረጢቱ ሙሉ ነው። አንዲት ጠብታ አልጎደለችም።

«ገና አልጀመርሽለትም እንዴ?» አለችኝ ግራ ተጋብታ።

 ጭንብሉን ከፊቱ ላይ አነሳሁ።

«እንግዲህ... ልቡ ነው» አለች።

ልቡ ነው።

አንሶላውን ልሸፍንበት ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። እኛ ዘንድ ለአንድ አልጋ አንድ ትራስ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛ ብትለምኑ አታገኙም። ከጀርባው ያሉት ግን ሦስት ናቸው። አንዱ የሆስፒታሉ ነው።

የሁለቱ ጠርዝ በቢጫ ክር ተጠልፏል።

ቤት እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ሌላ ቁልፍ የለም። የእትዬን ክፍል ከፈትኩ።

አልጋው ላይ የቀረው አንድ ትራስ ብቻ ነው።

ከፍ አላለም፣ ግድግዳውን አልተደገፈም። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ትራስ ጠፍጠፍ ብሎ ተነጥፏል። መሃሉ በጭንቅላት ልክ ጎድጉዷል። ፍራሹም ከላይ እስከ ታች የሰው ቅርጽ ይዟል፤ ጋደም ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ በሰላም የተኛ ሰው ቅርጽ።

እጄን አስነካሁት። እርጥብ ነው። ጣቴን ምላሴ ላይ አደረግኩ።

ጨው።

እርጥበቱ ያለው ግን በግድግዳው በኩል ብቻ ነው። በዚህኛው በኩል ያለው ግማሽ ደረቅ ነው።

ብርድ ልብሱም... በእኔ በኩል ተገልጧል።