ስኳር ያልገባበት ዳቦ

ልብስ ሰፊዋ ሰው ትንቃለች ይባላል። ውሸት የለበትም። ስኳር በሽታ ካገኛት ወዲህ ሐኪም ያልሆነ ሰው ገጥሟት አያውቅም፤ አንዱ ሥር ቀቅሎ ይመጣል፣ ሌላዋ «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» ትላለች። የቀድሞ እጮኛዋማ እናቱ ፊታቸውን ስላጠቆሩ ብቻ ቀለበቱን ተቀብሎ እብስ አለ። ጀግና!

እሷ ግን ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ዳቦውን፣ ሩዙንና ድንቹን ትታ፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በጎመን ለስኳሯ ልጓም አበጅታለታለች።

ከሱቋ ፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ። ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰው ጋጋሪ አንድ ቀን የተቀደደ ሽርጡን ሊያሰፋ መጣና ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ስፌት መኪናዋ ላይ እያስቀመጠ ይሄድ ጀመር።

«ዳቦህን ውሰድልኝ» አለችው ቢሰለቻት። «ስኳር አለብኝ።»

ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔ እኮ ዳቦ ላይ ስኳር አልጨምርም!»

ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ሲያቦካ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ዱቄቱስ ሆዴ ገብቶ ምን የሚሆን መሰለህ? ሲሚንቶ?»

«ምን ይሆናል?»

«ስኳር!»

ዳቦውን አንሥቶ ወጣ። ይሄም እንደዚያኛው ነው አለች በሆዷ፤ ለምን እንደከፋት ግን አልገባትም።

በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ።

«እሺ፣ ምን ትበያለሽ?» አላት።

«ለምን አትበይም» ያላላት የመጀመሪያው ሰው ነበር። ወደደችው። ይህንንም ንቃ ልትተወው ሞክራ ነበር፣ አልሆነላትም።

ከወራት በኋላ እናቱ ቤት ወሰዳት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ሰውን የሚመዝኑት በሚበላላቸው ዳቦ ልክ ነው። ትልቅ ቁራሽ ሳህኗ ላይ አኖሩላት።

«ብዪ እንጂ የኔ ልጅ! የልጄን ዳቦ የማትበላ እንዴት የልጄ ሚስት ትሆናለች?»

ያኛውም የከዳት በእናቱ ፊት ነበር። ዞር ብላ ጋጋሪውን አየችው። የስንብት ስድቧ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቷል።

ጋጋሪው እጁን ሰደደ፣ ቁራሹን ከሳህኗ አነሣና ራሱ ጎረሰው። ከኮቱ ኪስ የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት አወጣ። ውስጡ ሁለት የተቀቀሉ እንቁላሎች ነበሩ።

«እማዬ፣ እሷ የምትበላው ይሄን ነው» አለ አፉ እንደሞላ። «የማገባትም እሷን ነው።»

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልብስ ሰፊዋ አንዱን እንቁላል ልጣ ገመጠች።

«ጨው የለውም» አለች፣ በዚያው በለመደባት የንቀት ድምፅ፣ እንባዋ እየወረደ።

ጋጋሪው ሌላኛውን ኪሱን ዳበሰና በቁራጭ ወረቀት የተቋጠረ ጨው አወጣ።

ተቀብላ እንቁላሏ ላይ ነሰነሰችው።