ክርኑ የሚቆምበት

ረምላ በአንድ እጇ የአባቷን ክንድ ደግፋ፣ በሌላው የእጁን አንጓ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ትከሻው አጠፈችው። ክርኑ እኩሌታ መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከትናንት አለፈ አይደል?» አላት አብዱልወዱድ።

«ትንሽ አለፈ፣ አባ።»

አላለፈም። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ከሥራ ላይ ወድቆ ክርኑ ከተሰበረና ጄሶው ከተፈታ ወዲህ በየምሽቱ እንቅስቃሴ ታሠራዋለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሥርጉት ስታስተምራት እንዲህ ብላት ነበር፦ «መጨረሻው ላይ እጅሽ የሚሰማውን ለዪ። እንደ ጠፍር ተወጥሮ ትንሽ ከተሳበ ተስፋ አለው። ድንጋይ ከድንጋይ እንደ ገጠመ ሆኖ ካቆመሽ ግን አጥንት ነው፤ አትግፊ። መግፋት ሕመም እንጂ መንገድ አይጨምርም።»

ጠፍሩ ካለቀ ሰንብቷል። አሁን የሚሰማት ድንጋዩ ነው። ይህን ለአባቷ አልነገረችውም፤ «አለፈ» ስትለው ፊቱ ይበራ ነበርና።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ዓወት ነበር። ቁሓ በተባለው ሰፈር ካለ መጋዘን የዘበኝነት ሥራ ቢያገኝለትም፣ አብዱልወዱድ «ወደ ግንቤ እመለሳለሁ» እያለ ሲያስጠብቀው ሰንብቷል።

«ኣንታ ወዲ ወሎ!» አለ ዓወት ገና ሳይቀመጥ፤ «የወሎ ልጅ» ማለቱ ነው፣ በትግርኛ። «የመጋዘኑ ሰውዬ ነገ ሌላ ሊቀጥር ነው። ዘበኛ ሁን አልንህ እንጂ መንኩስ አልንህ እንዴ?»

«ክንዴ እየዳነ ምን አስቸኮለኝ? እየው!»

እጁን ወደ አፉ አነሣ፤ ጣቶቹ ከንፈሩን ነኩ። ዓወት አጨበጨበ። ረምላ ግን አይታለች። እጁ ወደ አፉ አልመጣም፤ አንገቱ ነው ወደ እጁ የወረደው።

«ንገሪው እንጂ ረምላ፤ የምታሠሪኝ አንቺ ነሽ!»

ዓወት ወደ እርሷ ዞረ። «እሺ ጓለይ፣ ልጄ፣ እውነቱን ነው? ከዳነማ ሥራው ይቅርብን ብዬ ለሰውየው እነግረዋለሁ።»

ረምላ ሳታስበው የራሷን ክርን አጠፈች። ሥጋ ከሥጋ በልስላሴ ተገናኘ። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ነገ ግን አባቷ ክንዱም ሥራውም አይኖሩትም።

ተነሥታ ከኋላው ቆመች። አንድ መዳፏን ግንባሩ ላይ፣ ሌላውን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«አንገትህን ልያዝልህ፣ አባ» አለችው። «አሁን ደግመህ አንሣው።»

እጁ ደረቱ ፊት ሲደርስ ቆመ። ግንባሩ መዳፏን ወደ ታች ገፋ፤ ደግሞም ገፋ።

ረምላ አልለቀቀችም።