የፊታውራሪ ቤት ጎብኚ

ለገላነሽ ጎብኚ ማለት ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ የሞተ ሰው አልጋ አይቶ፣ «አይ ጊዜ!» ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። የፊታውራሪ አለኸኝ ቤት ለጎብኚ ከተከፈተ ወዲህ ባሏ ማረው ዘበኛው ነው፤ እሷም ግቢው ጥግ ባለችው ጎጆ ትኖራለች። በዚያ በ1957 ዓ.ም. የግንቦት ማለዳ የመጣው ጎብኚ ግን ፈቃድ ላይ የነበረ የጎንደር ፖሊስ መርማሪ ነበር፤ ሻምበል ተክለ ማርያም ይባላል። ማረው በሩን ሲከፍትለት ያየው ጋሻና ጎራዴ አልነበረም።

ቤቱን የሚያስጎበኙት ሽማግሌ፣ አለቃ ገብረ ኪዳን፣ ከፊታውራሪ አልጋ ግርጌ ወድቀዋል። ራሳቸው ተፈንክቷል፤ ደሙ ደርቋል። አጠገባቸው የማረው በትር ተጋድሟል። ለጎብኚ የሚታየው የብራና መጽሐፍም የለም።

አሥር አለቃ መንግሥቴ ተጠርቶ ሲመጣ ነገር አላበዛም። ማረውን የኋሊት አሰረው፤ ወሬ ከግቢው እንዳይወጣ አዘዘ።

«በትሩ የሱ ነው። ትናንትም አለቃ በር መክፈት አዘገየህ ብለው ቢቆጡት መልሶ ጮኾባቸዋል» አለ። «ስድስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። በዚያ እልከዋለሁ።»

ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ወደ ደብረ ታቦር የሄደ ሰው መጨረሻው ገመድ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ገላነሽ በደረቷ ተስባ የሻምበሉን እግር ያዘች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ዶሮ እንኳ ሲያርድ እጁ ይንቀጠቀጣል!»

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» አለ ሻምበሉ። «ተነሺ። ዘመድ ካለሽ ጥሪ።»

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የወንድሟ የያየህ ቤት በረረች። እናት አባታቸው ሲሞቱ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ዳዊት የደገመውም አለቃ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሆና ብትጮህ ወዲያው ወጣላት። ዓይኑ ቀልቶ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ከኋላዋ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ገባ። የፊታውራሪ ልጅ ወይዘሮ ጸሐይነሽም ተጠርታ መጣች። ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ ጣል አድርጋ ገብታ፣ ሬሳውን ስታይ ኡኡ አለችና ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጠችው።

ሻምበሉ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ጸሐይነሽ ምንም አልሸሸገችም።

«የአባቴ ቤት ይመለስልኝ ብዬ ከአለቃ ጋር ተካስሻለሁ። ሞታቸውን ግን አልተመኘሁም።»

«በትርህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለው ማረውን።

«እኔ አላስገባሁትም ጌታዬ። በትር ይዞ መግባት በፊታውራሪም ዘመን ክልክል ነው። ትናንት አመሻሽ ደጃፉ ላይ አቁሜው ቤት ውስጥ አንዱን ስሠራ አንዱን ስረሳ፣ ላሚቱ ከረግረጉ አልወጣ ብላ ልጎትታት ሄድኩ። ስመለስ አጣሁት።»

«ወንድምሽን ምን ብለሽ ጠራሽው?» አላት ገላነሽን።

«‹ማረውን አሰሩት፣ ድረስልኝ!› ብቻ ነው ያልኩት። ትንፋሽስ መች ነበረኝ! እሱ እንደሁ ደግ ነው፤ ለምን ታሰረ ብሎ እንኳ ሳይጠይቀኝ ነው የመጣልኝ።»

ለሻምበሉ ምን እንደሰጠችው አልገባትም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ከአልጋው ፊት ሰበሰባቸው። የመኪናው ጡሩምባ ከመገንጠያው ይሰማ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ። «በትሩ ደጅ ከቆመ የገባ ሁሉ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ በትሩ ማረውን ብቻ አይከስም። መጽሐፉን የወሰደው ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ዛሬ ወሬ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሬሳውን አይታ ነው። አንተ ግን፣ ያየህ፣ በሩን ስታልፍ ዘቅዝቀህ ነበር። ሐዘኑ የማን ነበር?»

ያየህ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

«እቴ ነገረችኝ! ‹የኔታ ሞቱ› አለችኝ።»

ሁሉም ወደ ገላነሽ ዞሩ።

«ለእኔ ያልሽው ለብቻችን ነው» አለ ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚጸናው አሁን በሰው ፊት የምትይው ነው። ነግረሽዋል?»

አዎ ብትል ባሏ ይሰቀላል። አልነገርኩትም ብትል ወንድሟ። ማረው መሬት መሬት አየ፤ አልለመናትም። ያየህ ግን ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ምነው ትናንት በሞትኩ፣ አለች በልቧ።

«አልነገርኩትም» አለች።

ያየህ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«መጽሐፉን ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ፈረንጅ ጎብኚ አምጣልኝ ብሎኝ። ይዤው ልወጣ ስል አልጋው አጠገብ አገኙኝ። ‹ልጄ ያየህ፣ አንተ ነህ?› አሉኝ። ስሜን ባይጠሩ ኖሮ... ስገባ ከደጅ ያነሳሁት በትር የማን እንደሆነ አላየሁም። ሌሊቱን ሳለቅስላቸው አደርኩ።»

«ሳታስበው ዘቀዘቅኸው» አለ ሻምበሉ። «ያስተማሩህ አባት ናቸውና።»

ገመዱ ከማረው እጅ ተፈትቶ የያየህ እጅ ታሰረበት። ማረው ወደ ሚስቱ ሊጠጋ ሲል ገላነሽ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንካኝ፣ በሞቴ» አለችው። «አንተስ ተርፈሃል። መኪናውን ትንሽ አቆዩልኝ በላቸው፤ ለወንድሜ ስንቅ ላሰናዳ። እሱ እኔን አንድ ቀን ጦሜን አሳድሮኝ አያውቅም።»