ቴፑ ላይ ያልነበረው መስመር

"መለስክለት?"

"በአፌ አልመለስኩም። ማጭዴን በድንጋይ መታሁ።"

"እሱስ መታ?"

ከዚህ በኋላ ያለው አይመጣልኝም...

ልጅ ነበርኩ። ዝናብ ይዘንባል፤ አባቴና አንድ እንግዳ ታዛው ስር ቆመው ያወራሉ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጆሮዬን ለጥፌአለሁ። እንግዳው ምን ብሎ እንደመለሰ ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬአለሁ። አንዳንዴ ጭራሽ ያልመለሰ ይመስለኛል።

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ የምነግራችሁ ነገር በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይንና ጆሮ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። ጾም ላይ ሆኜ ያየሁትን አሳምሬ የምዋሽ ሰው አይደለሁም። ስለ እህቴ ግን አደራ፣ በውስጥ መስመር እየገባችሁ አትጠይቁኝ።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፍልሰታ ነበር። ቦታው መንዝ፣ መሐል ሜዳ።

ሰዓቱ ደግሞ... ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ስሜ በኃይሉ ይባላል። ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ እያቃጠልኩ ነው የለመድኩት። ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት ደስ ይለኛል። ጠባዬ ነው።

ያን ዓመት እየሩስ የምትባል ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሥራ ሰጠችኝ። ሽማግሌዎች ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዝ የሣር ምድር፣ ያወሩት በካሴት ተቀድቶ ተቀምጦ ነበር። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይስሙና ይተይቡልኝ" አለችኝ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ትታልኝ ሄደች።

እውነቱን ልናገርና፣ ሥራውን የያዝኩት በአንድ ካሴት ምክንያት ነው።

የጋሽ አፈወርቅ ካሴት።

የእህቴ የዓለሚቱ ባል ተክለጻድቅ፣ ከዓመታት በፊት ጓሳ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ጉም ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። አብረውት የነበሩት ጋሽ አፈወርቅ ብቻ ናቸው። አገር ምድሩ ወጥቶ ፈለገው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ጋሽ አፈወርቅም ያዩትን ለካሴት ተናግረው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ዓለሚቱ ተዝካሩን አላወጣችለትም።

"ሬሳ ሳላይ ሞተ አልልም" ትላለች። የነፍስ አባታችን አባ ዓምደ ሚካኤል በየዓመቱ ይለምኗታል። እሷም በየዓመቱ እንቢ ትላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነበር... ያ ሰው ያለ ጸሎት፣ ያለ ፍትሐት መንገድ ላይ መቅረቱ። ካሴቱ ላይ ስለ መሞቱ አንድ ቃል ባገኝ እህቴን አሳምናታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

"ጉም ገባ። ተለያየን። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

ከዚያ ሳል። ከዚያ ከሩቅ ውሻ ሲጮህ። ከዚያ ጸጥታ።

ተየብኩት። አተምኩት።

አተምኩት ያልኩትን ላስረዳ። ላፕቶፑ ላይ ሥዕል የለ፣ መስኮት የለ፣ ማውስ የለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል ብቻ። የጻፍኩትን ሳስቀምጥ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሜንና ምን እንደለወጥኩ ይመዘግባል። እየሩስ "ኮሚት" ትለዋለች። እኔ ማተም እለዋለሁ። አንዴ ከታተመ አይጠፋም። ባጠፋው እንኳ ማጥፋቴ ራሱ ይታተማል።

ይህን ታሪክ የሚያሳይ አንድ ፕሮግራም አለ። ከላይ የለውጦቹ ታሪክ በየመስመሩ ይደረደራል፤ አዲሱ አናት ላይ፣ አሮጌው ግርጌ። በቀስቷ ቁልፍ ወርጄ አንዱን ስከፍት ከታች ይዘረጋልኛል። የጠፋው በቀይ፣ የተጨመረው በአረንጓዴ።

ከቅዳሴ መልስ፣ ሥራ ሳልጀምር፣ ይህን ማየት ልማዴ ነበር።

አንድ ቀን ከፈትኩት።

አናቱ ላይ እኔ ያላተምኩት መስመር አለ።

ስሙ የኔ ነው። ቀኑ የዛሬ ነው። ሰዓቱ ግን... እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ያለሁበት። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስናትም ለምን እንደለወጥን አጭር ማስታወሻ እንጽፋለን። እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው "ተስተካከለ" የሚል ነው።

ይሄኛው "እንደገና ሰማሁ" ይላል።

ከፈትኩት። የጋሽ አፈወርቅ ጽሑፍ ነው። "አላየሁትም" ከሚለው ስር አንድ አረንጓዴ ቃል ተጨምሯል።

"ጠራ።"

እየሩስ ጋ ደወልኩ።

"ስምዎ አለበት አይደል ጋሼ?"

"አለበት።"

"እንግዲያው እርስዎ ነዎት።"

"ቅዳሴ ላይ ነበርኩ እኮ።"

"ታዲያ ላፕቶፑ አያስቀድስ፣ ቤት ቀርቶ ሥራዎን ሠርቶልዎታል" ብላ ሳቀች።

"ሰው ከሩቅ ሊገባበት ይችላል?"

"በምን ብሎ? ኢንተርኔቱ ከጠፋ ስንት ቀኑ።" ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። "ማስታወሻው ምን ይላል?"

ነገርኳት።



"ጋሼ... ካሴቱን አንዴ ይስሙት እስቲ።"

ሰማሁት።

ያን ቦታ በቃሌ አውቀዋለሁ። አላየሁትም... ሳል... ውሻ... ጸጥታ።

አሁን ከሳሉና ከውሻው መሐል፣ በጋሽ አፈወርቅ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣

"ጠራ" ይላል።

ቴፑን አጠፋሁ። ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሣሁ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር ከእኔ ጠፋ።

ቃሉን ከጽሑፉ ላይ አጠፋሁና አተምኩት። "ተስተካከለ።"

በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ። ሰው ሲሰግድ ቆሜ፣ ሰው ሲቆም ሰገድኩ። ሮጥ ሮጥ እያልኩ ቤት ገባሁ።

"እንደገና ሰማሁ።"

ያጠፋሁት ቃል ተመልሷል። ከስሩም ሌላ አረንጓዴ መስመር።

"ማጭዴን በድንጋይ መታሁ። በማጭድ አልመለሰልኝም። ትቼው ወረድኩ።"

ይህን የጓሳ ሰው ያውቀዋል። ጉም ውስጥ ስምህ ቢጠራ በአፍህ አትመልስም፤ የመለሰ ወደ ጠራው ይሄዳል። ማጭድህን ድንጋይ ላይ ትመታለህ። ሰው ከሆነ እሱም ይመታል። ካልመታ... ጥለህ ትሄዳለህ።

ግን ወድቆ እጁ የተሰበረ ሰውስ በምን ይመታል?

ይህን ሳስብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ካሴቱንም ከፈትኩት። እንዳነበብኩት ነው። ቃል በቃል።

በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በፍልሰታ ቀርቼ አላውቅም። ማን እንደሚያትመው በዓይኔ ልይ ብዬ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

ምንም የለም።

ቀስቷን ይዤ ታሪኩን ወደ ታች ወረድኩ... ወደ ላይ ወጣሁ... ወረድኩ። የራሴ ስም፣ የራሴ ስም፣ የራሴ ስም። መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ቀጠለ። ከተማው ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ቤት መግባት ጀመረ።

በሩን ልገጥም ተነሣሁ። ሦስት እርምጃ ነው ቢበዛ።

ዞር ስል አናቱ ላይ አዲስ መስመር አለ።

"እኔን አልነበረም የጠራው። ዓለሚቱን ነው።"

እጄ ቀስቷ ቁልፍ ላይ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

እህቴ ናት። ከቅዳሴ መመለሷ ነው። የምትኖረው ከጎኔ ባለው ክፍል፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች በመስጠት ነው። ነጠላዋ በጉም ርሷል።

"ምነው ዛሬ ቀረህ ወንድምዓለም?"

"አሞኝ ነው።"

"ለዚህ ነው የጠራኸኝ?"

"...መቼ?"

"አሁን። ጥጉን ስዞር።"

"አልጠራሁሽም" አልኳት በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾክሁ አላውቅም።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ እንዝርቷንና የበግ ፀጉሩን ይዛ ተመለሰች። ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠች።

"ቴፑን ክፈተው።"

"የቱን?"

"አትቀልድብኝ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ይሰማኛል። ሰሞኑን አንድ ቦታ ላይ ታዞራቸዋለህ። ሽማግሌውን በሞቱበት አሰለቸሃቸው።"

"ዛሬ ይቅር ዓለሚቱ።"

"ምን ይላሉ?"

"ምንም።"

"ምንም ለማለት ነው ይሄን ያህል የሚደክሙት?"

 እንዝርቷ ይሽከረከራል። ከዚያ ዕድሉ ይሄ ነው ብዬ ድፍረት አገኘሁ።

"ላሰማሽ። ግን ከሰማሽ በኋላ ተዝካሩ ይውጣለት። እኔም ልረፍ፣ እሱም ይረፍ።"

"መጀመሪያ ልስማ።"

ቴፑን በባትሪ ድንጋይ ከፈትኩት።

ጉም ገባ። ተለያየን። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሳል። ጠራ። ማጭዴን በድንጋይ መታሁ። በማጭድ አልመለሰልኝም። ትቼው ወረድኩ። እኔን አልነበረም የጠራው። ዓለሚቱን ነው...

እህቴ ፊቷ አልተለወጠም። የፈተለችውን ክር ልታረጥብ ከንፈሯ መሐል ይዛዋለች።

ውሻው ጮኸ። ጸጥታ መጣ። እጄን ላጠፋው ዘረጋሁ።

"አቤት" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

ክሩ ከንፈሯ መሐል እንዳለ ነው። አፏ ግጥም ብሏል።

"አቤት" ያለው ቴፑ ነው። በእሷ ድምፅ። ጋሽ አፈወርቅ በሕይወት ሳሉ በተቀዳ፣ እሷ አጠገባቸው ባልነበረችበት ካሴት ላይ...

ላፕቶፑን አየሁት። ባትሪው ሊያልቅ ደብዝዟል። አናቱ ላይ አዲስ መስመር አለ። በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ የኔ አይደለም።

ዓለሚቱ ይላል። እህቴ ያን ዕቃ በጣቷ ነክታው አታውቅም።

ማስታወሻው አንድ ቃል ነው።

"መለስኩ።"

ስክሪኑ ጠፋ።

እህቴ ክሩን ከአፏ አወጣችው።

"ለአባ ንገራቸው" አለች። "ተዝካሩ ይውጣለት።"

ለዓመታት የለመንኩት ቃል ይሄ ነበር። ደስታው ግን የት እንደገባ አላውቅም። 

በማግስቱ አባ ዓምደ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጉሙ አልተገፈፈም። መስቀላቸውን አሳልመውን ከመደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ልብሽን ያራራ አምላክ ይመስገን" አሉ። "የተክለጻድቅን ስመ ክርስትና አውቀዋለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።"

"ጾሙ ሲፈታ ይሁን አባ። ግን ሁለት ስም ይያዙልኝ።"

"ሁለት? ሌላው የማን ነው?"

"የእኔ።"

አባ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"የቁም ተዝካር ማለትሽ ነው?" አሏት። "ልጄ፣ ሰው በቁሙ ለራሱ የሚያወጣው ሲያረጅ ነው፤ ከኋላው የሚያስብለት ሲያጣ ነው። አንቺ ጎልማሳ ነሽ፣ ወንድምሽ አጠገብሽ አለ። ምን አስቸኮለሽ?"

"መንገድ አለብኝ።"

"ወዴት?"

 ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። በሩ ክፍት ነው። ከደፉ ወዲያ ነጭ ጉም ብቻ... ሰው የለም።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ሰው ረዥም ነገር ሲነግራት፣ አቅጣጫ ሲያመለክታት እንደምትሰማው። አንድ ጊዜ ፈገግ አለች። አንድ ጊዜ "የቱ ጋ?" አለች፣ ቀስ ብላ።

አባ ዓምደ ሚካኤል መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ያንን ክፍት በር ብዙ አዩት። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ብቻ ድምፃቸው ተለውጦ፣

"እሺ ልጄ" አሉ። "የሁለታችሁንም እይዛለሁ።"