የተላጠው ስክሪን

የጥገና ሠራተኛው ስልኩን እንደ መጽሐፍ ገልጦ መብራቱ ሥር አስጠጋው። ልክ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ጥቁር ነገር እንደፈሰሰ ቀለም ተንሰራፍቷል።

«አጥብቄ ዘግቼው ይሆናል» አለ የልጅቷ አባት። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሲል አራተኛ ጊዜው ነው።

ስልኩ የእናቷ ነበር። ካረፈች ስድስት ወር ሆኗታል። መጻፍ ስለሚሰለቻት የምትገዛውን ሁሉ በድምፅዋ ትቀዳ ነበር፤ «ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ለልጅቷ ካልሲ፤ ኧረ አምፖሉንም እንዳልረሳ» እያለች። አባቷ ከእራት በኋላ ስልኩን ዘርግቶ ያንን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ጋሼ፣ በመዝጋት እንኳን እንዲህ አይሆንም፤ እንዲታጠፍ ነው የተሠራው» አለ ሠራተኛው። «መስታወቱ ከወረቀት የሳሳ ስለሆነ ነው የሚተጣጠፈው። የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም የስክሪኑ አካል ነው።» ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ። «ይሄ ግን ተልጧል።»

ልጅቷ ፊቷ ጋለ። እናቷ የገዛችው ዕቃ ሁሉ ከነላስቲኩ ነበር የሚያረጀው፤ ሪሞቱም፣ የግድግዳው ሰዓትም። ቅዳሜ ዕለት ስልኩ ላይ አየር የቋጠረች ፕላስቲክ ስታይ «እማዬ ይቺንም ሳትልጣት!» ብላ ስቃ፣ አባቷን ደስ ላሰኘው ብላ ቀስ አድርጋ ላጠቻት።

«ስወለውል ላጥኩት ማለት ነው» አለ አባቷ። «ድምፁስ?»

«ውስጡ ይኖራል። ግን የሚከፈተው ስክሪኑ ላይ ምልክት ተስሎ ነው፤ ይሄ አሁን ጣት አይቀበልም። እንዲህ ዓይነት ስክሪን ደግሞ እኛ ጋ አይገባም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

አመስግነው ወጡ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። አባቷ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ፊት ፊት ይራመዳል። እሷ ከኋላው ትከተላለች። ማንም አልጠየቃት፤ ነገሩ በዚሁ ሊያልፍ ይችላል።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆመ። መኪኖቹን እያየ «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አላት። «የእናትሽን ድምፅ ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ።»

መንገዱ ተለቀቀ። ሰዉ መሻገር ሲጀምር እጅጌውን ያዘችው።

«አባዬ፣ ቆይ አንዴ» አለች። «አንተ አይደለህም።»