ከቡሹሎ ዳር የመጣው አሸዋ

ይህን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። አልተኛሁም፣ አልጠጣሁም፣ አልታመምኩም። እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት... ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ።

ቤቱን አልለቀቅኩም። አሁንም የምጽፍላችሁ እዚያው ሆኜ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ አሸዋው ልንገራችሁ።

እኔ እጄ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነኝ። ሚስቴ ፅጌ "አንተ እያለህ ዓሣዎቹም አያርፉም" እያለች ትቀልድብኛለች። ሳሎናችን ውስጥ ትልቅ አኳሪየም አለ። ዓመታት የቆየ ነው፤ ተክሎቹ ሥር ሰደው ጫካ ሆነዋል። ዘንድሮ ክረምት ላይ ግን ከታች የተነጠፈው አሸዋ ጠቆረ። በእንጨት ስነካው አረፋ ይለቃል፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዓሣ መሞት ጀመረ። አሸዋው መቀየር ነበረበት።

በዚያው ክረምት የፅጌ ታናሽ ወንድም ፊልሞን ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ።

ጀልባው ተገኘ። እሱ አልተገኘም።

እናታቸው እማማ አስካለ እኛው ጋር ነው የሚኖሩት። "አስከሬኑን ሳላይ ድንኳን አይጣልም" አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ ከበር መለሱ። በየቀኑ በባጃጅ ቡሹሎ ይወርዱና አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ሐይቁን ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ ለምደዋቸው አጠገባቸው ይቆማሉ። እህል አልቀምስ ብለው ከሰውነት ተራ ወጡ። ፅጌ ወንድሟን አጥታ እናቷንም ልታጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ልመልሳቸው ስሄድ የተቀመጡበትን አሸዋ አየሁት። ደቃቅ ነው፣ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ተገዝቶም አይገኝም።

እጄ አላርፍ አለ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላሁ።

"ምን ልታደርገው ነው?" አሉኝ።

"ለዓሣዎቹ ነው፣ እማማ።"

አሸዋውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"እንግዲያስ ሁሉንም ውሰደው" አሉ። "ምንም እንዳታስቀር..."

ቅዳሜ ሥራዬን ጀመርኩ። ዓሣዎቹንና ተክሎቹን ከአሮጌው ውኃ ጋር ሳፋ ውስጥ አቆየሁ። ጥቁሩን አሸዋ ዝቄ ደፋሁ። አዲሱን አጥቤ አነጠፍኩ። አሸዋው እንዳይታወክ ሳህን አስቀምጬ ውኃውን በሳህኑ ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። አማረ።

በማግስቱ ጠዋት አሸዋው መሐሉ ላይ አብጦ አገኘሁት።

ደለደልኩት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንደገና አብጧል።

ዓሣዎቹ ሁሉ ከላይ ተከማችተዋል። አንዱም ወደ ታች አይወርድም። ተክሎቹን እተክላለሁ... ዞር ስል ተነቅለው ተንሳፍፈዋል።

እማማ አስካለ ደግሞ ሐይቅ መሄድ አቆሙ።

ወንበራቸውን አኳሪየሙ ፊት አደረጉ። መብላት ጀመሩ። ፅጌ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሲያንሾካሹኩ እስክሰማ ድረስ።

"በረደህ እንዴ?... አይዞህ።"

"ከማን ጋር ነው፣ እማማ?"

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ በል... ተኝቷል።"

ፅጌን ወደ ጓዳ ጎተትኳት።

"አሸዋውን ልመልሰው ነው።"

"ተው እንጂ አልአዛር... እየበላች እኮ ነው።"

"ከማን ጋር እንደሚያወሩ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።" መሬት መሬቱን አየች። "ሲመልስላት ግን አልሰማሁም። አንተስ?"

እኔ ሰምቼ ነበር። አልነገርኳትም።

በቀጣዩ እሁድ ከምሳ በኋላ ዓሣዎቹን በባልዲ አወጣኋቸው። ውኃውን በጎማ ወደ ግቢ ለቀቅኩት። እጄን ሰድጄ አሸዋውን መዛቅ ጀመርኩ። እማማ አጠገቤ ቆሙ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። አልከለከሉኝም።

"ቀስ..." አሉኝ ብቻ። "ፊቱን እንዳትቧጭረው።"

ግን ዛቅኩ። አሸዋ ብቻ ነበር። መስታወቱን በፎጣ ጥርግ አድርጌ አደረቅኩና ክዳኑን ገጠምኩ።

ማዳበሪያዎቹን በባጃጅ ጭኜ ቡሹሎ ወረድኩ። እማማም አብረውኝ ሄዱ። አሸዋውን ዳር ላይ ስዘረግፈው ተንበረከኩ። በሁለት እጃቸው በተኑት። እየዘገኑ፣ እያበጠሩ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ፈለጉ።

ምንም የለም።

ከዚያ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

"የለም" አሉ። "ልጄ ሞቷል። ድንኳኑን ጣሉ።"

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም በባጃጁ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው፣ ስሙን እየጠሩ፣ እንደማንኛዋም እናት አለቀሱ። ውስጤ ተረጋጋ። ነገ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰው ያጽናናቸዋል፣ ያልፋል አልኩ።

ቤት ስንደርስ ፅጌ በረንዳው ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። አፏን በእጇ ይዛለች። ወደ ሳሎኑ ጠቆመችን።

አኳሪየሙ ባዶ ነው። ደረቅ ነው። ክዳኑም እንደገጠምኩት ነው።

መስታወቱ ግን ከታች በኩል፣ መዳፍ በምታህል ስፍራ ላይ በጉም ደብዝዟል...

ጠራ።

ተመልሶ ደበዘዘ...

ጠራ።

ከውጭ በእጅጌዬ ጠረግኩት። አልለቀቀም። ጉሙ ከውስጥ ነው።

እማማ አስካለ መስታወቱ ፊት ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ፊታቸው ላይ እንባው አልደረቀም፣ ግን ፈገግ ብለዋል።

"ክዳኑን ክፈቱለት" አሉ በሹክሹክታ። "ልጄ ታፍኗል..."