እጅህን ልቀቅ

በብረታ ብረት ቤቱ ሁሉም «ሞረዷ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የቤቱ ባለቤት አጎቷ ነው፤ አፏን ስትከፍት ሰው ቆዳ ላይ ሞረድ የሚሄድ ይመስላል ባይ ነው። እሷ ቅር አይላትም። የብረት መቅረጫውን ማሽን፣ ቶርኖውን፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አጎቷ ዞር ሲል እየነካካች፣ እየሰበረች፣ እየተሰደበች ለመደችው። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሙያ ደግሞ ትንሽ ያስኮራል።

አሰልጣኙ ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ ግድግዳ መውጣት ያስተምራል። አንድ ቀን ያረጀች የገመድ ፍሬን ይዞ ገባ። መዳፍ የማትሞላ ብረት ናት፤ የሚወጣው ሰው ሲወድቅ፣ ከታች የቆመው ገመዱን አንቆ የሚያስቆመው በእሷ ነው።

«ይቺን ታድሽልኛለሽ?»

ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «ይቺማ አርፋለች። ቅበራትና ና።»

ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑን ከእሷ አላነሳም። ደንበኛን ቀና ብላ የማታይ ሴት ቶርኖውን አጥፍታ አየችው።

«ከታች ያለው ሰው እጁን ቢለቅስ?»

«ያኔማ የወጣው መሬት ነው።»

«እና እንዲህ ባለ ነገር ሰው ታንጠለጥላለህ?»

በዚያው ተጀመረ። እጅ ቢለቅም ገመዱን በራሷ የምትይዝ ፍሬን ሊሠሩ ተነሱ። ገመዱ በድንገት ሲሮጥ ብድግ ብላ የምትነክስ ምላስ አበጀችላት። እሱ መውጣት አስተማራት፣ እሷ በካሊፐር የብረት ውፍረት ማንበብ አስተማረችው። «ምላሷ ያንቺን ትመስላለች» ሲላት፣ «ለዚህ እኮ ነው የምትፈራት» ትለዋለች። አጎቷ ብረት ከሚያስርበት ሞርሳ ወዲያ «ይሄ ሰውዬ ብረቱን ነው የሚያየው ልጄን?» እያለ ያጉረመርማል።

ሞረዷ አንድ ሕግ ነበራት፦ ሠሪዋ ሳትወድቅባት ማንም አይወድቅባትም። አሰልጣኙ መጀመሪያ በአሸዋ ጆንያ እንሞክረው ቢላት አሻፈረኝ አለች። «ጆንያ ምን ያውቃል? የኔ ሥራ የሚፈተነው በኔ ነው።» ከታች ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። ታጥቃ ትወጣለች፤ ከላይ ሆና ትጣራለች።

«እጅህን ልቀቅ።»

«ለቅቄያለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ራሷን ትጥላለች። በመልቀቅና በመያዝ መካከል አንዲት ጸጥታ አለች፤ ሞረዷ የምትወዳት እሷን ነበር። እዚያች ጸጥታ ውስጥ ከገዛ ሥራዋ በቀር የያዛት ነገር የለም። ቢያንስ እሷ የሚመስላት እንደዚያ ነበር።

ፍሬኗ ሁልጊዜ ያዘቻት። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ማኅበር ይህን አይቶ፣ ቅዳሜ ጀማሪዎቹ ልጆች እንዲወጡባት ወሰነ።

ሐሙስ ዕለት አሰልጣኙ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። «ዛሬ አጎትሽን ላነጋግር ነው» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ደስታዋን መደበቂያ ስታጣ እጁን በሁለት እጇ ያዘች፣ ገለበጠችው። መዳፉን አቋርጦ የሄደ አዲስ የቀላ ቃጠሎ ነበረበት። ትናንት ለሙከራው ጓንቱን ረስቶ መምጣቱ ትዝ አላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምድጃ ነክቼ ነው።»

«ምድጃ እንዲህ መስመር አያሰምርም። የሚሮጥ ገመድ ጨብጠህ ነው።»

እጁን ሊሰበስብ ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«ለቅቄያለሁ ስትለኝ ይዘህ ነበር።»

«አዎ።»

«ትናንት ብቻ?»

«ሁልጊዜ።» አንገቱን ደፋ። «አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ እጄ እንዴት ይታዘዘኝ?»

«እና ፍሬኗ በራሷ ትይዛለች ወይስ አትይዝም?»

«አላውቅም።»

ከሁሉም ይህቺ ቃል አቃጠለቻት። «ልጆች ሊወጡባት ነው እኮ።»

«አጠገባቸው እቆማለሁ ብዬ…»

«ከዚያ ወዲያስ? ከእያንዳንዱ ፍሬን ጋር አንድ አንድ አንተን ልሽጥላቸው?»

ወዲያው ወደ አዳራሹ ሄዱ። ጆንያ በአሸዋ ሞልተው ወደ ላይ ሳቡት። «እጅህን ልቀቅ፤ አሁን እያየሁህ» አለችው። ለቀቀ። የፍሬኗ ምላስ ገመዱን ላሰችው እንጂ አልነከሰችውም። ጆንያው ወርዶ ፍራሹ ላይ ተቀደደ።

ሞረዷ የፈሰሰውን አሸዋ አየች። እሷ ነበረች ያ። ሕይወቷን በመዳፉ እንዳተረፈ ገብቷታል፤ ደህና አድርጋ እንዳትጠላው እንኳ ይህ ከለከላት።

«ብነግርሽ ልብሽ ይሰበራል ብዬ ነው» አላት።

«ብትነግረኝ በማግስቱ አስተካክዬው ነበር። ሞላው ጠንክሮ ምላሷን አላስነሳ ብሎ ነው፣ በቃ። እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የወደቅኩልህ። አንተ ግን አንድ ቀን አላመንከኝም።»

ለማኅበሩ ራሷ ሄዳ ፍሬኗ እንዳልደረሰች ተናገረች። እንደ ኩራቷ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ይሻላት ነበር። አጎቷ ሊያስታርቅ ሞከረ።

«ነፍስሽን ያተረፈን ሰው ታኮርፊያለሽ?»

«አጎቴ፣ ያበላሸሁትን ብረት በድብቅ እያስተካከልክ ጎበዝ ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ምን እሆን ነበር?»

አጎቷ ወደ ሞርሳው ተመለሰ።

ሞላውን ቀየረች፣ ምላሷን እንደገና ሞረደች። አሁን ጆንያ አልናቀችም፤ ጆንያው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት እስኪለምድ ጣለችው። ከዚያ አሰልጣኙን አስጠራችው።

«ታጠቅ» አለችው። «የሠራኋት እኔ ነኝ፤ የምትወድቅባት ግን አንተ ነህ።»

ሳይከራከር ወጣ። እሷ ከታች ቆመች።

«ወደ እኔ እያየህ ውደቅ» ብላ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አነሳች፤ ጣቶቿን ዘረጋች።

ባዶ እጆቿን አየ። ከዚያ ለቀቀ። ፍሬኗ ቀጭ ብላ ነከሰች፤ አሰልጣኙ ከፍራሹ በላይ ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ።

«አሁንስ ይቅር አልሽኝ?»

«ይቅር ብዬሃለሁ።» እውነቷን ነበር። «ግን ከእንግዲህ ደህና ነው ባልከኝ ቁጥር ሄጄ ማየቴ አይቀርም። በሩን ቆልፌያለሁ ብትለኝ ተነስቼ እነካዋለሁ። እወድሻለሁ ስትለኝም ፊትህን ስመረምር ልኖር ነው። እንዲህ እየሆንኩ ካንተ ጋር ማርጀት አልፈልግም።»

ቀስ አድርጋ አወረደችው። ቋጠሮውን እሷ ፈታችለት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ እሷ አልጠራችውም፤ ወጣ።

ፍሬኗ ከገመዱ ፍትጊያ ገና ትሞቃለች። ሞረዷ በመዳፏ ጨብጣ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆመች።